ኦልባኒ ፓትሩንስ፦ ስለ ቡድኑ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ኦልባኒ ፓትሩንስ ምን ዓይነት ቡድን ነው?

ኦልባኒ ፓትሩንስ በኒውዮርክ ግዛት ርዕሰ ከተማ በኦልባኒ በ1982 የተቋቋመ፣ ተጫዋቾቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚጫወቱበት፣ ይሁን እንጂ የአሜሪካ ከፍተኛው የቅርጫት ኳስ ሊግ ከሆነው ከኤንቢኤ ዝቅ ባሉ ሊጎች ብቻ የተወዳደረ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። ኦልባኒ በሀድሰን ወንዝ ዳር ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር በ100,000 ዙሪያ ነው። በዚህ መጠን ያለች ከተማ የኤንቢኤ ቡድን ሊኖራት እንደማይችል የታወቀ ስለሆነ፣ ፓትሩንስ ለነዋሪዎቿ በአቅራቢያ የሚገኝ ከፍተኛው የሙያ ቅርጫት ኳስ ነበር ማለት ይቻላል።

የቡድኑ ታሪክ በሦስት ዘመናት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ከ1982 እስከ 1993፣ ሁለተኛው ከ2005 እስከ 2009፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ያለው ነው። ስሙን ከኦልባኒ ውጭ ያስጠራው በአብዛኛው የመጀመሪያው ዘመን ሲሆን፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶችም ለዚያ ዘመን ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣሉ።

ስሙ ከየት መጣ?

ሆላንዶች የሀድሰንን ሸለቆ በያዙበት በ17ኛው መቶ ዘመን፣ የሆላንድ የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ በ1629 ባወጣው ደንብ መሠረት ሃምሳ ሰፋሪዎችን በአራት ዓመት ውስጥ ለማስፈር ለሚስማማ ባለሀብት ሰፊ መሬት ይሰጥ ነበር፤ እንዲህ ያለው ባለርስት ፓትሩን ይባል ነበር። በኦልባኒ ዙሪያ የነበረው የቫን ሬንሰላር ቤተሰብ ርስት ከሁሉም የገዘፈና ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ጭሰኞቹ በ1839 የመሬት ኪራይ አንከፍልም ብለው እስኪያምጹ ድረስ ዘልቋል። ከሳምንት እስከ ሳምንት በምታደርስ ደመወዝ ለሚጫወቱ ወጣቶች የእነዚያ ጌቶች ስም መሰጠቱ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ ለከተማዋ ሰዎች ግን ስሙ የአካባቢ ታሪክ እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ቡድኑ ይወዳደርበት የነበረው ሲቢኤ ምን ዓይነት ሊግ ነበር?

ሲቢኤ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ኮንቲኔንታል የቅርጫት ኳስ ማኅበር በሚያዝያ 1946 በፔንሲልቬንያ የተመሠረተ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ከተቋቋመውና በኋላ ኤንቢኤ ከሆነው ሊግ በጥቂት ሳምንታት ይበልጣል። መጀመሪያ የምሥራቁ ሊግ በመባል የሚታወቅ፣ በድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተሞች ቅዳሜና እሑድ የሚካሄድ ውድድር ነበር። በ1978 ሲቢኤ የሚለውን ስም ከያዘ በኋላ ግን ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፍቶ፣ በ1980ዎቹ ከኤንቢኤ ቀጥሎ ያለ ዋነኛው የአገሪቱ ሊግ ለመሆን በቃ።

ከኤንቢኤ ጋር የነበረው ግንኙነት ለፓትሩንስ ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል። ሲቢኤ የኤንቢኤ ንብረት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ባለቤት ነበረው፣ ወጪውንም ከቲኬት ሽያጭና ከአካባቢ ስፖንሰሮች ይሸፍን ነበር። ያም ሆኖ የኤንቢኤ ቡድን ተጫዋቹ ሲጎዳበት ከሲቢኤ ሰው ጠርቶ በአሥር ቀን ውል ሊያስፈርመው ይችል ነበር። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ውሉ አንድ ጊዜ ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ወይ ተጫዋቹን እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ያስቀረዋል ወይ ያሰናብተዋል። በመሆኑም የሲቢኤ አሰልጣኝ ማክሰኞ ያሠለጠነውን ዋና ተጫዋቹን ሐሙስ ሊያጣ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ሊያገኘው ይችል ነበር። ከዳኞችም ብዙዎቹ ወደ ኤንቢኤ ያለፉት በዚሁ ሊግ ተፈትነው ነው።

ሊጉ ደረጃ የሚያወጣበት መንገድም የተለየ ነበር። በእያንዳንዱ ጨዋታ ሰባት ነጥብ ለውድድር ይቀርባል፤ ሦስቱ ለአሸናፊው ሲሰጡ፣ የቀሩት አራቱ ከአራቱ ሩቦች እያንዳንዱን ላሸነፈ ቡድን አንድ አንድ ሆነው ይከፋፈላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሩብ ክፉኛ ተመርቶ የቀሩትን ሦስት ሩቦች በጠባብ ልዩነት የወሰደ ቡድን ጨዋታውን ቢሸነፍም ሦስት ነጥብ ይዞ ይወጣል፤ አሸናፊው ደግሞ አራት ብቻ ያገኛል። የዚህ አሠራር ጥቅም ሠላሳ ነጥብ በተራራቀ ጨዋታ እንኳ የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ዋጋ እንዳያጡ ማድረጉ ነበር፤ ተመልካችም አዳራሹን ቀድሞ ጥሎ እንዳይወጣ ምክንያት ይሆነዋል። ኤንቢኤ ይህን አሠራር አለመውሰዱ በእኛ አስተያየት ያሳዝናል።

ቡድኑ የት ይጫወት ነበር?

ዋሽንግተን አቬኑ አርሞሪ በሚባል አዳራሽ ነበር። ሕንፃው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለግዛቱ ብሔራዊ ዘብ የተሠራ፣ ማማዎች ያሉት፣ በቀይ ጡብ የታነጸና ከውጭ ሲያዩት ምሽግ የሚመስል ሲሆን፣ ለቅርጫት ኳስ ሲዘጋጅ ከ3,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። መቀመጫዎቹ ለሜዳው ቅርብ ስለሆኑ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ለእንግዳ ቡድን ፈተና ይሆንበት ነበር። ይህ ቤት በቡድኑ ታሪክ ውስጥ የነበረውን ሚና ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ምክንያቱም ፓትሩንስ ከዚህ ሲወጣ ምን እንደደረሰበት ማየት ያስፈልጋል።

ፊል ጃክሰን በእርግጥ የአሰልጣኝነት ሥራውን በኦልባኒ ጀመረ?

ዋና አሰልጣኝ ሆኖ የመጀመሪያውን ቡድን የያዘው በኦልባኒ ነው። ከዚያ በፊት በኒው ጀርሲ ኔትስ ተጫዋችም ረዳት አሰልጣኝም ሆኖ ሠርቷል። ፓትሩንስ የመጀመሪያ አሰልጣኙ ያደረገው ዲን ሜሚንገርን ነበር፤ ሜሚንገር በ1973 የኤንቢኤ ዋንጫ ያነሳው የኒውዮርክ ኒክስ ተጫዋች የነበረ ሲሆን፣ ጃክሰንም በዚያው ቡድን የተጫወተ ጓደኛው ነው። ቡድኑ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን አልሆንለት ሲል ሜሚንገር ተነሥቶ ጃክሰን በጥር 1983 ቦታውን ተረከበ። ገና በሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም በ1984፣ ፓትሩንስ የዋዮሚንግ ዋይልድካተርስን በፍጻሜ አሸንፎ የሲቢኤ ሻምፒዮን ሆነ። በ1985 ጃክሰን የሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።

ብዙ አንባቢዎች ማወቅ የሚፈልጉት፣ በኋላ በቺካጎ ቡልስና በሎስ አንጀለስ ሌከርስ 11 የኤንቢኤ ዋንጫዎችን ያነሳው ሰው በዚያ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ነው። የሲቢኤ ቡድን አሰልጣኝ ተጫዋች ከመምረጥና ከማሠልጠን ባለፈ አብዛኛውን የቡድኑን ሥራ በእጁ ይሠራ ነበር፤ ጃክሰንም ከሚኖርበት ከውድስቶክ እየተመላለሰ ያሠለጥን፣ ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዙም ቫኑን ራሱ ይነዳ ነበር። ረዳቱ ከጊዜ በኋላ በቅርጫት ኳስ ጸሐፊነቱ የታወቀው ቻርሊ ሮዘን ነበር።

ጃክሰን ራሱ ከዓመታት በኋላ ደጋግሞ ያነሳው አንድ ጉዳይ አለ፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ እኩል ሳምንታዊ ክፍያ እንዲያገኙ ማድረጉን፣ የመጫወቻ ጊዜውንም በተቻለ መጠን ለማመጣጠን መሞከሩን ይገልጻል። ይህን እንደ ቸርነት ብቻ ማየት ስህተት ይመስለናል። በሲቢኤ ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ዓይኑ ኤንቢኤ ላይ ነው፤ ኤንቢኤ ሰው ሲጠራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ነጥብ ያስቆጠረውን ነው። ስለዚህ ኳስ ለጓደኛ ማቀበል ለቡድኑ ቢጠቅምም ለአቀባዩ የግል ኪሳራ ሊሆን ይችላል። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው የሚጫወቱበትን ይህን ሁኔታ ለመግታት፣ በክፍያም በጊዜም ማንም ከማንም እንደማይበልጥ ማሳየት አስተዋይ እርምጃ ነበር። ጃክሰን በኋላ ማይክል ጆርዳንን ኳስ እንዲያካፍል ያሳመነበትን ችሎታ የት እንደተለማመደ ለሚጠይቅ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ጃክሰን በ1987 ኦልባኒን ለቆ በዚያው ዓመት የቺካጎ ቡልስ ረዳት አሰልጣኝ ሆነ፤ በ1989 ደግሞ ዋና አሰልጣኝነቱን ያዘ።

48 አሸንፎ 6 ብቻ የተሸነፈው ቡድን የትኛው ነው?

በ1987–88 የውድድር ዘመን የተጫወተው የቢል መስልማን ቡድን ነው። መስልማን ወደ ኦልባኒ የመጣው ከታምፓ ቤይ ትሪለርስ ጋር ሦስት ተከታታይ የሲቢኤ ዋንጫዎችን ካነሳ በኋላ ሲሆን፣ ከሦስቱ የመጨረሻው ቡድኑ በጥሎ ማለፉ ወቅት ወደ ራፒድ ሲቲ ከተዛወረ በኋላ የተገኘ ነው። በባሕርዩ ከጃክሰን ጋር ሰማይና ምድር ነበር፤ ልምምዱ አድካሚ፣ ዲሲፕሊኑ ጥብቅ፣ ለመከላከል የሚሰጠው ትኩረት ደግሞ ወሰን የሌለው እንደነበር ይነገራል።

ቡድኑ በተሰጥዖ የተሞላ ነበር። ማይክል ብሩክስ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተመርጧል። አራት ጊዜ ለኤንቢኤ የኮከቦች ጨዋታ የተመረጠው ማይክል ሬይ ሪቻርድሰን፣ በ1986 በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ከኤንቢኤ ከታገደ በኋላ እንደገና ለመነሣት የመጣው ወደ ኦልባኒ ነው። ስኮት ብሩክስ የተባለው አጭሩ ኳስ አደራጅም የዚህ ቡድን አባል የነበረ ሲሆን፣ በ1994 ከሂዩስተን ሮኬትስ ጋር የኤንቢኤ ዋንጫ አንስቷል፤ በ2010 ደግሞ የኦክላሆማ ሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሏል። ሪክ ካርላይልም ወደ ኒክስ ከመሄዱ በፊት በ1987 በፓትሩንስ በኩል አልፏል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመው የቶኒ ካምቤል ጉዳይ ነው። ካምቤል በዚያው ዓመት ለኦልባኒ እየተጫወተ ሳለ ሌከርስ ስለጠራው፣ ውድድሩ ሲያበቃ የኤንቢኤ ሻምፒዮን ቡድን አባል ሆኖ ተገኘ። የውድድር ዘመኑን በአርሞሪ የጀመረ ሰው ሰኔ ላይ ከሌከርሱ ኮከብ ከማጂክ ጆንሰን ጋር ዋንጫ ይዞ ጨረሰው ማለት ነው።

ፓትሩንስ በፍጻሜው እንደገና ዋዮሚንግን አሸንፎ ሁለተኛውን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ለመስልማን በተከታታይ አራተኛው ሆነ። ይህን ያየው አዲሱ የኤንቢኤ ቡድን ሚኒሶታ ቲምበርዉልቭስ የመጀመሪያው አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። ቲምበርዉልቭስ በ1989–90 ውድድር ሲጀምር በነጥብ አስቆጣሪነት የመራው ያው ቶኒ ካምቤል ነበር።

50 ያሸነፈው ቡድን ለምን ሻምፒዮን አልሆነም?

ይህ ጥያቄ የሚመለከተው በ1990–91 የነበረውን የጆርጅ ካርልን ቡድን ነው። ካርል በ1988–89 ኦልባኒን ካሠለጠነ በኋላ ለአንድ ዓመት ወደ ስፔን ሄዶ ሪያል ማድሪድን ይዞ ነበር። ሲመለስ ያቋቋመው ቡድን በመደበኛው ውድድር 50 ጨዋታ አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ፤ በሜዳው ያደረጋቸውን 28 ጨዋታዎች ደግሞ አንድም ሳይቀር አሸነፈ። ካርል የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ፣ ቪንሰንት አስኪው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኑ። በኋላ በአትላንታ፣ በሚልዋኪና በፖርትላንድ የኤንቢኤ ዋና አሰልጣኝ የሆነው ቴሪ ስቶትስ የአሰልጣኝነት ሥራውን የጀመረው በዚያ ዓመት የካርል ረዳት ሆኖ ነው።

ይሁን እንጂ ዋንጫውን ያነሳው ዊቺታ ፎልስ ቴክሳንስ ነበር። አንድ ቡድን 50 ለ6 አጠናቅቆ ዋንጫ ማጣቱ ከኤንቢኤ አንጻር ሲታይ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ በሲቢኤ ግን ሊጠበቅ የሚችል ነገር ነው። ጥሎ ማለፉ የሚካሄደው ልክ የኤንቢኤ ቡድኖች ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰው በሚፈልጉበት ጊዜ ስለሆነ፣ በክረምቱ ያሸነፈው ቡድንና በጸደይ ለዋንጫ የሚጫወተው ቡድን ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሰዎቹ ሊለያዩ ይችላሉ። ለምሳሌ ማሪዮ ኤሊ በዚያ የውድድር ዘመን ከኦልባኒ ወደ ኤንቢኤ ተጠርቶ ጎልደን ስቴት ውስጥ ቦታ አገኘ፤ ከዚያ በኋላም በሂዩስተንና በሳን አንቶንዮ ሦስት የኤንቢኤ ዋንጫዎችን አንስቷል። አንድ የሲቢኤ ቡድን ሥራውን በደንብ በሠራ መጠን ራሱን ያዳክማል፤ የ1991ዱ ፓትሩንስ ለዚህ ከሁሉ የጎላ ማሳያ ነው።

ካርል በቀጣዩ ዓመት እንደገና ወደ ማድሪድ ሄደ፤ በጥር 1992 ደግሞ ሲያትል ሱፐርሶኒክስ ወደ ኤንቢኤ መልሶ ወሰደው።

የመጀመሪያው ቡድን ለምን ጠፋ?

በ1990 መጀመሪያ በከተማዋ መሃል ኒከርቦከር አሬና ተከፈተ፤ ከ15,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ ዛሬ ኤምቪፒ አሬና የሚባለው ግዙፍ አዳራሽ ነው። ፓትሩንስም ከአርሞሪ ወጥቶ ወደዚያ ገባ። ሐሳቡ ለመረዳት አያዳግትም፤ ትልቅ ቤት ብዙ ቲኬት፣ ብዙ ቲኬትም ብዙ ገቢ ያመጣል ተብሎ ነበር። ነገር ግን በአርሞሪ ውስጥ ቤቱን የሚያናጋው 3,000 ሰው በአዲሱ አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥ ከአምስት ወንበር አራቱ ባዶ ይታያሉ፤ ድምፁም ወደ ጣራው ወጥቶ ይቀራል። ትልቅ ሕንፃ የሚጠይቀው ወጪ ከፍተኛ በመሆኑም ባዶው ወንበር ጉዳቱ ለዓይን ብቻ አልነበረም። በተጨማሪም አዳራሹ ለሌሎች ትዕይንቶች ተመቻቸ፤ የቤት ውስጥ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ ፋየርበርድስ በ1990 እዚያው ሥራ ጀመረ፣ ትልልቅ ዘፋኞችም በኦልባኒ ማለፍ ጀመሩ። በክረምት ምሽት ገንዘቡን የት እንደሚያውል የሚያስብ ነዋሪ ከዚህ በፊት ያልነበረው ምርጫ ተከፈተለት።

በ1992 ቡድኑ የአካባቢው የፖንቲያክ መኪና ሻጮችን ስፖንሰርነት ተቀብሎ ካፒታል ሪጅን ፖንቲያክስ ተባለ። አሥር ዓመት የተለፋበትን ስም ለአንድ የመኪና ዓይነት አሳልፎ መስጠት የተገኘውን ገንዘብ የሚያህል ጥቅም አስገኝቷል ብሎ ለማመን ይከብዳል። ለውጡ ቡድኑን ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ ሊያቆየው አልቻለም፤ በ1993 ወደ ኮነቲከት ግዛት ተዛውሮ ሃርትፎርድ ሄልካትስ ሆነ፣ በ1995ም ፈረሰ።

የሲቢኤ ሊግ መጨረሻ ምን ሆነ?

በአጭሩ ለመናገር፣ የቀድሞው ኮከብ ተጫዋች አይዛያ ቶማስ በ1999 ሊጉን በሙሉ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ2000 የኢንዲያና ፔሰርስ አሰልጣኝ ሲሆን የኤንቢኤ ደንብ ሁለቱን አብሮ እንዲይዝ ስለማይፈቅድለት ሊጉ ያለ ባለቤት እጅ ቀረ፤ በየካቲት 2001ም ውድድሩ በመሃል ተቋረጠ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ኤንቢኤ ዛሬ ጂ ሊግ የሚባለውን የራሱን ሊግ አቋቋመ። ሲቢኤ በሌሎች ባለሀብቶች ጥረት ዳግም ቢነሣም ከዚያ በኋላ የኤንቢኤ ዋነኛ የተጫዋች ምንጭ መሆኑ አበቃ።

ቡድኑ በ2005 እንዴት ተመለሰ?

ፓትሩንስ ዳግም በተነሣው ሲቢኤ ውስጥ በ2005–06 ውድድር ሲጀምር የመለሰው የቀድሞ ስሙን ብቻ አልነበረም፤ ቤቱም እንደገና አርሞሪ ሆነ፣ አሰልጣኙም የ1988ቱ ሻምፒዮን ማይክል ሬይ ሪቻርድሰን ነበር። ተጫዋቾችን ወደ ኤንቢኤ የማሳለፍ ልማዱም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በ2006–07 ለኦልባኒ የተጫወተው ጃማሪዮ ሙን በቀጣዩ ዓመት ቶሮንቶ ራፕተርስን ተቀላቅሎ ከኤንቢኤ ምርጥ ጀማሪዎች በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ተመርጧል።

በ2007 ፓትሩንስ ለፍጻሜ ከያካማ ሰን ኪንግስ ጋር ቀረበ። በፍጻሜው መካከል ሪቻርድሰን ስለ አይሁድ ጠበቆች ለጋዜጠኞች በተናገረው ቃልና በተቃዋሚ ደጋፊዎች ላይ በሰነዘረው ስድብ ምክንያት ታገደ፤ ቡድኑም ዋንጫውን አጣ። ሪቻርድሰን ንግግሩን ለማመስገን እንጂ ለመንካት እንዳልተጠቀመበት ቢከራከርም ወደ ኦልባኒ አሰልጣኝነት አልተመለሰም፤ ከዚያ በኋላ በኦክላሆማ የሚገኘውን የካቫልሪን ቡድን ያዘ።

በዚህ መካከል ሊጉ እየተመናመነ ሄደ። በ2006 ዳኮታ፣ ሱ ፎልስና አይዳሆ ኤንቢኤ ወዳቋቋመው ወደ ዛሬው ጂ ሊግ ስለተሻገሩ ከጠንካሮቹ ቡድኖች ሦስቱ በአንድ ጊዜ ጠፉ። በ2008–09 የቀሩት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ በየካቲት 2009 ገንዘብ ሲያልቅ ሊጉ ውድድሩን አቋርጦ ሁለት ቡድኖችን ብቻ ለአጭር ፍጻሜ አስቀረ። አንዱ ፓትሩንስ ነበር። ሌላው ሎውተን–ፎርት ሲል ካቫልሪ ሲሆን፣ አሰልጣኙ ያው ከሁለት ዓመት በፊት ከኦልባኒ የታገደው ሪቻርድሰን ነው። ካቫልሪ አሸነፈ፤ በ1946 የተጀመረው ሊግ የመጨረሻ ዋንጫም ያ ሆነ።

በ2018 የተጀመረው ቡድን ያው ፓትሩንስ ነው?

በሕግም በባለቤትነትም አይደለም። ከሦስቱ ዘመናት አንዱ ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ድርጅታዊ ቀጣይነት የለውም፤ ሦስተኛው ቡድን በ2018 ውድድር የጀመረው ኖርዝ አሜሪካን ፕሪሚየር ባስኬትቦል በሚባል አዲስ ሊግ ውስጥ ሲሆን፣ ሊጉ ብዙም ሳይቆይ ዘ ባስኬትቦል ሊግ የሚለውን ስም ይዟል። ከኤንቢኤ ጋር እንደ ቀድሞው ሲቢኤ ያለ ትስስር ስለሌለው፣ የጨዋታውን ደረጃ ከ1980ዎቹ ጋር ማነጻጸር ተገቢ አይሆንም።

ሆኖም የኦልባኒ ደጋፊዎች ቡድኑን የሚቆጥሩት እንደ አንድ ነው፤ እኛም ይህን አቆጣጠር መርጠናል። ምክንያታችን ዴሪክ ሮውላንድ ነው። ሮውላንድ በ1982 ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ፓትሩንስን ተቀላቀለ፤ በ1984 በጃክሰን ሥር ዋንጫ አነሳ፤ በኤንቢኤ ውስጥ በ1985–86 ለሚልዋኪ ባክስ ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በ2018 አዲሱን ቡድን ያሠለጥን የነበረው እሱ ነው፤ በ2019 ቡድኑ የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆንም ዋና አሰልጣኙ እሱ ነበር። የ2020 ውድድር ግን በወረርሽኙ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ቀረ።

ቡድኑ ስንት ዋንጫ አለው?

በ1984 እና በ1988 ሁለት የሲቢኤ ዋንጫዎችን፣ በ2019 ደግሞ አንድ የዘ ባስኬትቦል ሊግ ዋንጫን አንስቷል።

በኦልባኒ ያለፉ አሰልጣኞች በኤንቢኤ እርስ በርስ ተገናኝተው ያውቃሉ?

በርካታ ጊዜ ተገናኝተዋል፤ ከሁሉ ታዋቂው የ1996 የኤንቢኤ ፍጻሜ ነው። በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 72 ጨዋታ ያሸነፈውን ቺካጎ ቡልስን የያዘው ጃክሰን፣ ሲያትልን የያዘው ደግሞ ካርል ነበር፤ ቺካጎ 4 ለ2 አሸነፈ። ሁለቱም ዛሬ በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ፤ ጃክሰን በ2007፣ ካርል በ2022 ገብተዋል።

በ2010 ደግሞ የጃክሰን ሌከርስ በመጀመሪያው ዙር የስኮት ብሩክስን ኦክላሆማ ሲቲ 4 ለ2 አሸንፎ ወደ ዋንጫው ተጓዘ። በቀጣዩ ዓመት ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ2011 ሌከርስ በሁለተኛው ዙር ከዳላስ ማቬሪክስ ጋር ተገናኝቶ 4 ለ0 ተሸነፈ፤ የዳላስ አሰልጣኝ ሪክ ካርላይል ነበር፤ በዚያው ዓመት የኤንቢኤ ዋንጫን አነሳ። ያ አራተኛ ጨዋታ ጃክሰን በኤንቢኤ ያሠለጠነው የመጨረሻ ጨዋታ ነው።